ምስሉ የሚቆራረጠው የት ላይ ነው? በኮምፒውተር ስለሚጫወት ኤችዲ ቪዲዮ እክልና ስለ ምርመራው ሥርዓት

 

የዛሬው ርዕሴ ለሕዝባዊ ሌክቸር የማይመጥን ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ኮምፒውተር በኤችዲኤምአይ ገመድ ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ፊልም ወይም የትምህርት ቪዲዮ ይከፈታል፤ ጥቂት ቆይቶም ምስሉ ይቆራረጣል። በየቤታችን፣ በየካፌው፣ በተማሪዎች መዝናኛ ክበብ የምናየው ነው። የሚሰጠው ፍርድም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ።» ዛሬ የምሞግተው ይህን ፍርድ ነው። መቆራረጥ አንድ በሽታ አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ በሽታ የሚያቆራርጥበት የራሱ ምት አለው። ምቱን በጥሞና የተከታተለ ሰው አንድ ብር ሳያወጣ የታመመውን ክፍል ሊለይ ይችላል።

ነገሩ ከመዝናኛ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሰራጨ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ክፍል ይገባ እንደነበር ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የዚያ አሠራር አንዱ ትልቅ ችግር የማይጠብቅ መሆኑ ነበር። መብራት ቢጠፋ፣ ምልክቱ ቢቋረጥ፣ ተማሪው ባይገባው፣ ትምህርቱ ጥሎት ያልፋል። ዛሬ ትምህርቱ በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ተቀምጦ፣ ሲያስፈልግ ቆሞ፣ ሲያስፈልግ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የነርስ ተማሪ መርፌ ወደ ደም ሥር የሚገባበትን ቅጽበት በምትከታተልበት ጊዜ ምስሉ ከዘለለ፣ ያመለጣት ዋናው ነገር ነው። መስማት የተሳነው ተማሪ የምልክት ቋንቋ ሲከታተል ጥቂት ፍሬሞች ቢጣሉበት፣ የጠፋበት ጌጥ ሳይሆን ቃል ነው። እኛ ድምፁን እየሰማን «ትንሽ ይቆራረጣል» የምንለው ለእርሱ የተቀደደ ገጽ ነው።

ወደ ነገሩ ውስጥ ለመግባት ጥቂት ቁጥሮች ያስፈልጉናል። ሙሉ ኤችዲ የምንለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ሦስት ባይት ብንመድብ፣ አንድ ፍሬም ከ6 ሚሊዮን ባይት በላይ ይይዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታይ ደግሞ በየሰከንዱ 155 ሚሊዮን ባይት ያህል ወደ ስክሪኑ መድረስ አለበት። ይህን እንዳለ የሚያስቀምጥ ፍላሽም ሆነ የሚያስተላልፍ ኔትዎርክ በየቤታችን የለም። ስለዚህ ቪዲዮው ይታመቃል። በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ባይት የሚፈስ ፋይል ብንወስድ፣ ምስሉ ከ150 እጥፍ በላይ ታምቋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሥራው ይህን የታመቀ ነገር መልሶ መፍታት ነው። የሚሰጠውም ጊዜ አጭር ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ካለ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚደርሰው 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ያደጋችሁ ተማሪዎች ይህን ሥርዓት በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡናው ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ወደ መፈልፈያ ማሽኑ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ማብላያ ገንዳ፣ ከታጠበም በኋላ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይሄዳል። እሸት ቡና በመጣበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ቪዲዮም እንዲሁ ነው። ፋይሉ ከዲስክ ወይም ከኔትዎርክ ይመጣል፤ በፕሮሰሰር ወይም በግራፊክስ ካርድ ይፈታል፤ በመጨረሻም ስክሪኑ በራሱ ሰዓት ይረከበዋል። ዘግይቶ የተፈታ ፍሬም እንዳደረ እሸት ነው፤ ጊዜው ስላለፈ ይጣላል። እንግዲህ ጣቢያው ሥራ ሲያስተጓጉል ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ አይደለም። ቡናው የተከማቸው የት ላይ እንደሆነ፣ ባዶ የቀረው ክፍልም የትኛው እንደሆነ ነው የሚመለከተው። እኛም እንደዚያው እናድርግ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁን የሚመለከት ነው። ምስሉ ሲቆም ድምፁም አብሮ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ሁለቱም አብረው ከቆሙ መረጃው እየደረሰ አይደለም፤ እሸቱ ከጣቢያው በር አልገባም ማለት ነው። ከኢንተርኔት ወይም በዋይፋይ በሚጫወት ቪዲዮ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ይኸው ነው። ራውተሩ በሌላ ክፍል፣ በወፍራም ግድግዳና በቆርቆሮ ማዶ ከሆነ በኔትዎርክ ገመድ ማገናኘት ብቻውን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ገመድ ከሌለ ቪዲዮውን አስቀድሞ አውርዶ ማጫወት፣ ወይም በማጫወቻው ቅንብር ውስጥ የማቆያ ጊዜውን ከፍ ማድረግ ይረዳል። የቪኤልሲ የኔትዎርክ ማቆያ ከ1000 ሚሊሰከንድ ወደ 3000 ቢያድግ ቪዲዮው ለመጀመር ጥቂት ይዘገያል እንጂ አልፎ አልፎ የሚመጣ መዋዠቅ አይረብሸውም። ማቆያ ግን ተአምር አይሠራም። የሚመጣው መረጃ በአማካይ ከሚፈለገው ካነሰ፣ ገንዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ ውሎ አድሮ ባዶ ይሆናል። ሃርድ ዲስክን በተመለከተ፣ ጤነኛ ዲስክ አንድ ኤችዲ ፋይል ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ዲስክ የሚጠረጠረው እየተበላሸ ከሆነ፣ አለዚያም በዚያው ሰዓት ፋይል እየተገለበጠ ወይም ጸረ ቫይረስ እየፈተሸ ከሆነ ነው።

ድምፁ ሳይዛነፍ ቀጥሎ ምስሉ ብቻ ከዘለለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ድምፅን መፍታት ለኮምፒውተሩ ቀላል ሥራ ነው፤ ማጫወቻዎችም ብዙውን ጊዜ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በድምፁ ነው፤ ጆሯችን ክፍተትን ከዓይናችን ይልቅ ቶሎ ይለያልና። ስለዚህ መፍታቱ ከ40 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ መሥዋዕት የሚሆነው ምስሉ ነው። ይህን በግምት መናገር አያስፈልግም። በቪኤልሲ የ«ቱልስ» ምናሌ ውስጥ ስለ ሚዲያው መረጃ የሚሰጠው መስኮት የጠፉ ፍሬሞችን ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ እያደገ ከሄደና የፕሮሰሰሩ ሥራ ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ፣ መፈልፈያው አልቻለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነው። የጠፋ ፍሬም የለም፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው፤ ድምፁ ደህና ነው። ይሁንና ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ወይም ጽሑፍ በስክሪኑ ግርጌ ሲያልፍ እኩል የሆነ መንቀጥቀጥ ይታያል። ይህ የአቅም ማነስ አይደለም፤ የሁለት ሰዓቶች አለመግባባት ነው። የእኛ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ነው፤ የቴሌቪዥን ሥርዓታችንም በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ የቆመ ነው። ኮምፒውተር ግን ስክሪኑን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። 60 ለ25 ሲካፈል 2.4 ነው። ፍሬም ደግሞ 2.4 ጊዜ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ 33 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው 50 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ዓይን ይህን አንካሳ እርምጃ ይለየዋል። መፍትሔው በስክሪን ቅንብር ውስጥ እድሳቱን ወደ 50 ኸርዝ መለወጥ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ጊዜ ይታያል። በስልክ የተቀረጸ የ30 ፍሬም ቪዲዮ ግን በ60 ኸርዝ ላይ ይሰምራል። ከፊልም የመጣ ሥራ በአብዛኛው በሰከንድ 23.976 ፍሬም ነው። ይህንኑ በትክክል 24 በሚያድስ ስክሪን ላይ ብታጫውቱት በየ42 ሰከንዱ ገደማ አንድ ፍሬም ይደገምና ምስሉ አንዴ እክ ይላል። በሰዓት የሚመጣ እክል ሲገጥማችሁ፣ ሰዓት ያዙና ቁጠሩ። ቁጥሩ ራሱ ምርመራ ነው።

አራተኛው ምት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ቪዲዮው ሲጀመር ውኃ ይመስላል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ አርፎ ሲከፈት ደግሞ ይስተካከላል። ይህ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ከልኩ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቴፒ ከሚዛንና ከማጂ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ በበጋ ደግሞ አቧራው በማራገቢያው ክንፎች ላይ ይጋገራል። ብሩሽና ግማሽ ሰዓት የሚፈታውን ችግር በግዢ መፍታት ተገቢ አይደለም። ላፕቶፕ ከሆነ ሌላ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ የሚቆራረጠው መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ ብቻ ነውን? በባትሪ ጊዜ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ የኃይል አጠቃቀም ቅንብሩን ማየት ያስፈልጋል።

ከዲሽ በቀጥታ ለምናየው ምስልም አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ቢበታተን ኮምፒውተሩን ወይም ሪሲቨሩን አትክሰሱ። በሳተላይት ስርጭት የምንጠቀምበትን ሞገድ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል። ዲጂታል ምልክት ደግሞ እንደ ድሮው በረዶ እየመሰለ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ እስከ ድንበሩ ድረስ ጥርት ብሎ ይቆይና ከድንበሩ ሲያልፍ ይፈራርሳል። ዲሹ በጥራት መለኪያው ተስተካክሎ ከተተከለ ዝናቡን የሚቋቋምበት ትርፍ አቅም ይኖረዋል። እዚህ ላይ የምልክት ጥራትን እንጂ የምልክት ኃይልን ብቻ እንዳታዩ አደራ እላለሁ።

አሁን እነዚህን ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ እንያቸው። በማጂ ደጋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የተቀዱ ትምህርቶችን ያሳይ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ኮምፒውተር እንዲገዛ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅተው አስተያየቴን ጠየቁኝ። ኮምፒውተሩ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው፣ 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪ የያዘ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ፣ በጣም አስተዋይ ሴት ናቸው፣ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ «ሁሉም አይቆራረጥም። የዱሮዎቹ ደህና ይጫወታሉ፤ የሚያስቸግሩት አምና የመጡት ናቸው።» ምርመራው ግማሽ መንገዱን የሄደው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ማሽኑ ያው፣ ስክሪኑ ያው፣ ገመዱ ያው ሆኖ ልዩነት ከታየ፣ ልዩነቱ ያለው በፋይሉ ውስጥ ነው።

ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ፋይል ከፍተን የኮዴክ መረጃቸውን አነጻጸርን። ሁለቱም 1920 በ1080፣ ሁለቱም 25 ፍሬም ነበሩ። የቀደሙት የታመቁት እ.ኤ.አ. በ2003 በጸደቀው ኤች.264 ነው። አዲሶቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ኤች.265 የታመቁ ነበሩ። ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ያህል መጠን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በአንድ ፍላሽ ብዙ ትምህርት ለማስገባት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል፤ ለመፍታት ከበድ ያለ ስሌት ይጠይቃል። በዚያ ትውልድ ማሽን ውስጥ ኤች.264ን የሚፈታ ራሱን የቻለ የሃርድዌር ክፍል አለ፤ ለኤች.265 የተሟላው ክፍል በዚህ ዓይነት ፕሮሰሰሮች ውስጥ የገባው ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ወደቀ። አዲሶቹን ስናጫውት ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ደርሶ የጠፉት ፍሬሞች ቁጥር ይሮጣል፤ የቀደሙትን ስናጫውት ቁጥሩ ዜሮ ላይ ይቆማል።

መፍትሔው ግዢ አልነበረም። በሌላ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር፣ ሃንድብሬክ በተባለ ነጻ ሶፍትዌር፣ ፋይሎቹን ሌሊት ሌሊት ወደ ኤች.264 ለወጥናቸው። ይህ ያለ ኪሣራ አልሆነም። ፋይሎቹ ሰፉ፤ ዳግም ማመቅ ሁልጊዜ ትንሽ ጥራት ስለሚያስከፍል ዋናዎቹን ቅጂዎች በሌላ ዲስክ አስቀመጥናቸው። ከዚያም አንድ ነገር ተገለጠ። ትልቁ መቆራረጥ ሲጠፋ፣ በሥሩ ተሸፍኖ የነበረ ትንሽ መንቀጥቀጥ ወጣ፤ ጽሑፍ ወደ ጎን ሲያልፍ ብቻ የሚታይ፣ ምቱም እኩል የሆነ። የጠፋ ፍሬም አልነበረም። ስክሪኑን ከ60 ወደ 50 ኸርዝ ስንለውጠው ጽሑፉ ሳይደናቀፍ አለፈ። ሁለት የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ስም ሲጠሩ ነበር ማለት ነው። አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛ የመጀመሪያው ይፈታ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከአዲሱ ማሽን ጋር አብሮ ይቀጥል ነበር፤ ያኔም «አዲሱም አይረባም» ይባል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አልጣሉትም፤ ጥያቄውን ወደ ዩፒኤስ ለወጡት፤ የሚጠፋው መብራት እውነተኛ ችግራቸው ነበርና።

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው የምርመራ ሥርዓት አጭር ነው። በመጀመሪያ የሚሠራውንና የማይሠራውን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ሌላ ፋይል፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ስክሪን ሞክሩ። ቀጥሎ ምቱን ስሙ፦ ድምፅና ምስል አብረው ይቆማሉ? እክሉ በእኩል ጊዜ ይመጣል? ከሙቀት በኋላ ነው? ከዝናብ ጋር ነው? ሦስተኛ፣ ለክተው ጻፉ፤ የጠፉ ፍሬሞች፣ የፕሮሰሰር ሥራ፣ ኮዴክ፣ የፍሬም ብዛት፣ የስክሪን እድሳት። አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ለውጦ የተስተካከለለት ሰው ችግሩን አስወግዷል እንጂ አላወቀውም፤ ነገ ተመልሶ ቢመጣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

«ጊዜያችንን ከምናባክን ግዢው አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ይቀርብልኛል፤ አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። መግዛት የሚገባበት ጊዜ አለ። መለኪያው ሁሉ የፕሮሰሰሩን አቅም ማነስ ካሳየና ፋይሎቹን መለወጥ የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ቪዲዮው በቀጥታ ከኢንተርኔት በአዳዲስ ኮዴኮች የሚመጣ ከሆነ፣ ማሽኑን መለወጥ ትክክል ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ አካባቢ ያ ምንዛሪ ከየት እንደሚመጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከማሳው እስከ ማድረቂያው አልጋ ድረስ በእጅ እየተለቀመ ይመጣል። ያለ ምርመራ የተገዛ ማሽን የዚያን ልፋት ዋጋ ያቃልላል። ደግሞም ተነቅሎ በመጋዘን የሚቀመጠው ኮምፒውተር ለሌላ ክፍል ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ «ቪዲዮ አያጫውትም» ተብሎ ለሚቀርብ የግዢ ጥያቄ ሁሉ የግማሽ ገጽ የምርመራ ውጤት ይያያዝ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን በየካምፓሱና በየአካባቢው ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ ይህን ምርመራ ይሥሩ፤ ለእነርሱ ልምምድ፣ ለትምህርት ቤቶቹ አገልግሎት ይሆናል። ሲመዘግቡም በተለይ የምልክት ቋንቋ የሚከታተሉ ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል ያስቀድሙ፤ መጠበቅ የማይችሉት እነርሱ ናቸውና። ቅጹን እኔ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከአዳራሹ መውጫ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።